ከወጋየሁ በኋላ ማን ያንብብ?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ማንኩሳን ያገኛታል። መኪናው ብዙም አይቆምባትም። ይሁን እንጂ አማርኛ እያነበበ ያደገ ተሳፋሪ ስሟ ሲጠራ አንገቱን ወደ መስኮቱ ማዞሩ አይቀርም፤ የበዛብህ አገር ናትና። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ልጅ የተወለደው እዚህ ነው። ወደ ቅኔው፣ ወደ ዲማ፣ ወደ ፊታውራሪ መሸሻ ግቢ፣ በመጨረሻም ወደ ሰብለ ወንጌል ፍቅር የሚወስደው ረጅም መንገድ የሚጀምረው ከዚህች ትንሽ አገር ነው።

እኔና የእኔ ዘመን ልጆች ግን በዛብህን አስቀድመን ያወቅነው ከመጽሐፉ ሳይሆን ከሬዲዮ ነው። ያወቅነውም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ልብ ወለዱን ሲተርክ ብቻውን ቁጭ ብሎ ሁሉንም ሆነ። ፊታውራሪ መሸሻን ሲሆን ድምፁ ይጀነናል፤ ጉዱ ካሳን ሲሆን ይሳለቅና መልሶ ይቆዝማል፤ ሰብለን ሲሆን ደግሞ ድምፁን ሳያቀጥን፣ በልስላሴው ብቻ ሴት መሆኗን ያሳውቀናል። ትረካው በድጋሚ በሚተላለፍበት ዘመን በእኛ አገር ሬዲዮ ያለበት ቤት ጥቂት ነበርና ጎረቤቱ ሁሉ እዚያው ይሰበሰብ ነበር። ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬዎች በማግስቱ ገበያ ላይ ሲገናኙ ጉዱ ካሳ እብድ ነው፣ አይደለም እያሉ ሲከራከሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ መጽሐፉን በእጃቸው እንኳን አልነኩትም። መጽሐፉ ለእነርሱ ወጋየሁ ነበር።

ወጋየሁ በ1982 ዓ.ም. ዐረፈ። እነሆ ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ሆነው። ትረካው ከሬዲዮ ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ሲዲ፣ ከሲዲ ወደ ዩቲዩብ ተሻግሮ ዛሬም ይደመጣል። እኔም እሰማዋለሁ። ይሁን እንጂ ጨዋታ በተነሣ ቁጥር «ያንን መጽሐፍ ሌላ ሰው እንደገና ቢያነብበውስ?» ብዬ ስጠይቅ የማገኘው መልስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ከወጋየሁ በኋላ? ማን ደፍሮ?» ይሉኛል። አንዳንዱማ ቅዱስ ነገር እንደ ደፈርሁበት ሁሉ ፊቱን ያጨማድዳል።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ይህ «ማን ደፍሮ?» የሚለው መልስ ነው። መልሱ አክብሮት ይመስላል። ጠጋ ብለን ስንመረምረው ግን ከኪነ ጥበብ አልፎ በፖለቲካችንም ውስጥ ሥር የሰደደ አንድ በሽታ የያዘ ይመስለኛል።

ዶሊ ሰባት ጊዜ ተለወጠች

እስቲ ለአፍታ ባሕር እንሻገር። በኒው ዮርክ ብሮድዌይ በሚባለው የቴአትር ሰፈር አንድ ሙዚቃዊ ቴአትር ከተወደደ ለዓመታት ሳይቋረጥ በየዕለቱ ይታያል። የሰው ጉሮሮ ግን ለዓመታት በየዕለቱ መዝፈን አይችልም። ስለዚህ መሪው ተዋናይ ሲደክም፣ ሲታመም ወይም ውሉ ሲያልቅ ሌላ ይተካል። ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ደግሞ ቃሉንና ዜማውን ሁሉ አጥንቶ ከመጋረጃ ጀርባ የሚቀመጥ ተጠባባቂ ተዋናይ አለ።

«ሄሎ ዶሊ» የተሰኘውን ሥራ እንውሰድ። ቴአትሩ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 1964 ማለትም በ1956 ዓ.ም. ሲከፈት ዶሊን ሆና የተጫወተችው ካሮል ቻኒንግ ነበረች። እርሷ ስትለቅ ጂንጀር ሮጀርስ ገባች። ከእርሷም በኋላ ማርታ ሬይ፣ ቤቲ ግሬብል፣ ፐርል ቤይሊ፣ ፊሊስ ዲለር እያለ ቀጥሎ በመጨረሻ ኤተል መርማን ዘንድ ደረሰ። መርማን ሚናው መጀመሪያ ሲቀርብላት አልፈልግም ያለች ተዋናይት ናት። ስድስቱ ሴቶች ከተጫወቱት በኋላ፣ በ1970 ሰባተኛ ሆና መጣች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ቴአትሩ 2,844 ጊዜ ታይቶ ተዘጋ።

ከእነዚህ ሁሉ የእኔን ልብ የሚይዘው የፐርል ቤይሊ ነው። በ1967 (በእኛ 1960 ዓ.ም.) ቴአትሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ አዘጋጁ ተዋንያኑን በሙሉ ለውጦ በጥቁር አሜሪካውያን ተካቸው። ዶሊ ፐርል ቤይሊ ሆነች። ቃሉ ያው፣ ዜማው ያው፣ ደረጃው ያው፣ ልብሱ ያው ነው። አሜሪካ በዘር ጥያቄ በምትናወጥበት በዚያ ዓመት ግን ያው ቃል በእነዚያ አፎች ሲነገር ሌላ ትርጉም ወለደ፤ የቀዘቀዘውም ቴአትር እንደገና ወረፋ ተሰለፈለት። ማንም «ከካሮል ቻኒንግ በኋላ? ማን ደፍሮ?» አላለም። ካሮል ቻኒንግም ብትሆን ከዶሊነቷ አልተሻረችም። ስሟ ዛሬም በዝርዝሩ አናት ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ሁለተኛው ምሳሌ «ዘ ፋንተም ኦፍ ዘ ኦፔራ» ነው። በብሮድዌይ በ1980 ዓ.ም. ተከፍቶ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ 13,981 ጊዜ ታይቷል። የመጀመሪያው ፋንተም ማይክል ክሮፎርድ ነበር። ጭምብሉን አጥልቆ ብዙ ጊዜ የወጣው ግን እርሱ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ ከተተኩት አንዱ የሆነው ሃዋርድ መክጊሊን ነው፤ 2,544 ጊዜ ተጫውቶታል። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ኖርም ሉዊስ በብሮድዌይ የመጀመሪያው ጥቁር ፋንተም ሆነ። ይህንን ሁሉ በቁጥርና በስም መናገር የቻልሁት እዚያ አገር የሚጽፍ ሰው ስላለ ነው። ማን መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ፣ ማን ለአንድ ሌሊት ብቻ ተተካ፣ ይመዘገባል። የመጀመሪያው ይከበራል፤ ሰባተኛውም ስም አለው።

የዋሸራ ወንበር

«ይህ የፈረንጅ ወግ ነው፤ ለእኛ አይሆነንም» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እንደ እኔ ግን ይህ ወግ ከማንም ይልቅ የጎጃም ነው።

በቅኔው ዓለም ዋሸራ፣ ጎንጅ እየተባሉ የሚጠሩት ቤቶች ስማቸውን ያገኙት ከቦታ ነው፤ ዕድሜያቸውን ያገኙት ግን ከመተካካት ነው። መምህሩ ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። ከፍ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስጠናል፤ ቀን ሲደርስ ይመረቅና ራሱ ወንበር ይዘረጋል። የቅኔ መምህር ማንነቱ ሲጠየቅ መልሱ የመምህራኑ ሐረግ ነው፤ ከማን እንደ ተማረ፣ ያም ከማን እንደ ተማረ ወደ ኋላ ይቆጥራል። ይህ ሐረግ እንግዲህ የእኛ የተተኪዎች ዝርዝር ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ትምህርት ደግሞ ከራሱ ከቅኔው ይገኛል። የጉባኤ ቃና ቤት ሁለት ነው፤ የሥላሴ ስድስት ነው፤ የመወድስ ስምንት ነው። ልኩን ማንም አይነካውም። በዚያ ልክ ውስጥ የሚገባው ቅኔ ግን አዲስ መሆን አለበት። የመምህሩን ቅኔ ሸምድዶ በጉባኤ መካከል የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ ይዋረዳል እንጂ አይመሰገንም። መምህሩን ማክበር ማለት ልኩን ጠብቆ የራስን መቀኘት ነው። አባቶቻችን ለመተካት የሰጡት ፍቺ ይኸው ነው፤ ከዚህ የተሻለ ፍቺ በየትኛውም የቴአትር መማሪያ መጽሐፍ አላገኘሁም።

እንግሊዞችም ከዚህ የሚመሳሰል ወግ አላቸው። የሼክስፒርን «ሐምሌት» መጀመሪያ የተጫወተው ሪቻርድ በርቤጅ በአውሮፓውያኑ 1619 ሲሞት ጆሴፍ ቴይለር የእርሱን ሚናዎች ወረሰ። ሐምሌትን ሆኖም ተጫወተ። ቆይቶ ቴአትር ቤቶች በአዋጅ ለዓመታት ተዘጉ። እንደገና ሲከፈቱ ቶማስ ቤተርተን የሚባል ወጣት ሐምሌት ሆነ። በዘመኑ የቴአትር ባለሙያዎች ዘንድ በቆየው ትውፊት መሠረት ለቤተርተን ያሳየው ቴይለርን በዐይኑ ያየ ሰው ነው። ሐረጉ እውነት ይሁን አፈ ታሪክ ለክርክር ክፍት ነው። ነገሩ ግን ልብ ያሳርፋል፤ አገር በጦርነት ታምሶ፣ መድረክ ተዘግቶ፣ ትውልድ አልፎ፣ አንድ ያየ ሰው ስለ ተረፈ ሚናው ተረፈ።

ሁለተኛው ማን ነበር?

የእኛ መድረክ ታሪክ አጭር አይደለም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ»ን ያሳዩት በ1913 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ የወጣ የጎጃም ቅኔ ልጅ ነበር። ተማሪዎችን አሠልጥኖ በመድረክ ሲያወጣ ግጥሙም ዜማውም ከዚያ ከቅኔው ቤት የመነጨ ነበር። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተከፈተ።

በዚያ በመጀመሪያው ዘመን ሴት ወደ መድረክ አትወጣም ነበር። ስለዚህ የሴቷን ሚና ወንድ ይጫወተዋል። ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን ተረት ሲነግሩን ያደግናቸው አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተስፋዬ ሣህሉ፣ በወጣትነታቸው የሴት ልብስ ለብሰው ሴት ሆነው የተጫወቱ ተዋናይ ናቸው። ይህንን ሲያወጉ ብዙ ሰው ይስቃል። እኔ ግን ከሳቁ ኋላ አንድ ከባድ ጥያቄ ይታየኛል። አንዲት ሴት መጥታ ያንን ሚና ከወንድ እጅ የተቀበለችበት ቀን አለ። ያቺ ቀን በኢትዮጵያ መድረክ ታሪክ ከማንኛውም ምርቃት ትበልጣለች። የአንደኛውን ስም እናውቃለን። እጁን ዘርግቶ ስለ ተቀበለው ሰው ግን ስንጠየቅ እንንተባተባለን።

በማስተምርበት ክፍል አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን እንዲህ ብዬ ጠየቅኋቸው፦ «ከምትወዱት የአማርኛ ቴአትር መሪ ሚናውን መጀመሪያ የተጫወተውን ንገሩኝ።» እጆች ወጡ። «እርሱ ሲለቅ የገባውንስ?» አልሁ። እጆች ሁሉ ወረዱ። ከተማሪዎቹ አንዱ በኋላ ቀርቦ «ዶክተር፣ ሁለተኛውን ማን ይጽፈዋል?» አለኝ። እውነቱን ነው። ከፕሮግራም ወረቀትና ከአረጋውያን ትዝታ በቀር የምንመለስበት መዝገብ በእጃችን የለም። ትዝታው ደግሞ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። በ2010 ዓ.ም. ፈቃዱ ተክለማርያም ሲያርፍ በመድረክም በመጽሐፍ ትረካም የሠራው ሰው፣ እርሱም ከማን ተቀብሎ ለማን እንዳቀበለ ሊነግረን የሚችለው ሰው አብሮ ሄደ።

ባለ አርባ ሉኩ ደብተር

ዝርዝር መያዝ ገንዘብ ወይም ትልቅ ተቋም እንደማይጠይቅ የማውቀው በፍኖተ ሰላም በተማርሁበት ጊዜ ካየሁት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የድራማ ክበባችን ኀላፊ የነበሩት መምህር ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ሦስት ትዕይንት አውጥተው ለወላጆች ቀን በየዓመቱ ያሠሩን ነበር። መሪው ሚና በእርሳቸው ቤት በዛብህ ሳይሆን ጉዱ ካሳ ነበር። ባለ አርባ ሉክ ደብተር ነበራቸው። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ዓመተ ምሕረቱን፣ ከሥሩም የተዋንያኑን ስም ይጽፋሉ። በመጀመሪያው ገጽ ሰብለ ወንጌል ሆኖ የተጻፈው የወንድ ልጅ ስም ነው፤ በዚያ ዓመት ልጃቸው መድረክ ላይ እንድትወጣ የፈቀደ ወላጅ አልተገኘምና። በሦስተኛው ገጽ የሴት ልጅ ስም ይጀምራል።

እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ቁጭ ብዬ ቃል ለሚጠፋበት የማስታውስ ነበርሁ። በዚያ ዓመት ጉዱ ካሳ የሆነው ልጅ ከማንኩሳ ወዲያ ካለ ገጠር በእግሩ የሚመላለስ ነበር። የወላጆች ቀን ከበርበሬ ለቀማ ጋር ገጠመና አባቱ አስቀሩት። በዚያ አገር በርበሬ የዓመት ልብስ ነው፣ የዓመት ግብር ነው፤ ቴአትር ከዚያ አይበልጥም። ጠዋት መምህራችን መጡና እየተቻኮሉ «ቃሉን አንተ ታውቀዋለህ፤ ትገባለህ» አሉኝ። «ጋሼ፣ እኔ እንደ እርሱ አልሆንም» አልኋቸው። «እንደ እርሱ ሁን አላልሁህም። ካሳን ሁን ነው ያልሁህ» አሉኝ።

ገባሁ። ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቀረቡኝ። «አንተ ልጅ፣ አምና ያየነው ይሻል ነበር» አሉኝ። ቀጥለውም «ግን ቃሉን መሬት አልጣልኸውም» ብለው መረቁኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ምስጋና አግኝቻለሁ፤ ይህንን ያህል ልኩን የጠበቀ ግን አላጋጠመኝም። ማታ መምህራችን ደብተሩን አውጥተው በዚያ ዓመት ገጽ ላይ የልጁን ስም ጻፉ፤ ከሥሩ «በዕለቱ የተተካ» ብለው የእኔን ጨመሩ። የመጀመሪያውን አልሰረዙም፤ ሁለተኛውንም አላስቀሩም።

ከመድረኩ ወደ ዙፋኑ

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። «ማን ደፍሮ?» የሚለው ሕዝብ ለቴአትሩ ብቻ እንዲህ አይልም። ፖለቲካችንን ብንመለከት መተካትን የምናውቀው በሁለት መልኩ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ደግሞ የመተካት ተቃራኒዎች ናቸው።

አንደኛው መልክ መፋቅ ነው። አዲሱ ሲመጣ የቀድሞውን ስም ከበሩ ላይ ይፍቃል። በ1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ የዩኒቨርሲቲውም የቴአትር ቤቱም ስም አብሮ ወረደ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ከእርሱ በፊት የነበረው ሁሉ የአንድ ክፉ ዘመን ስም ተሰጠው። ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ያለፈው ዘመን «ሃያ ሰባት ዓመት» በሚል ቁጥር ብቻ መጠራት ጀመረ፤ ከነሠራውም ከነአጠፋውም። እንዲህ ያለው ተተኪ ቴአትሩ በእርሱ የተጀመረ ያስመስላል። ታዲያ የቀድሞውን ስሕተት እየደገመ እንኳን እንደሚደግም አያውቅም፤ የቀድሞውን ጽሑፍ ቀድዶታልና።

ሁለተኛው መልክ መቅዳት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ሲያርፉ አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ተተኩ። በዚያ ሰሞን ከላይ እስከ ታች የተሰማው ቃል የታላቁ መሪ ራእይ ሳይበረዝ ሳይከለስ ይፈጸማል የሚል ነበር። እስቲ ይህንን በቴአትር ዐይን እንየው። አንድ ተዋናይ መድረክ ላይ ቆሞ «እኔ እኔ አይደለሁም፤ ከእኔ በፊት የነበረው ነኝ» ሲል ተመልካቹ ምን ይላል? አገር ሲለወጥ፣ ጥያቄው ሲለወጥ፣ እርሱ የሟቹን ድምፅ መቅረጫ ያጫውታል። አቶ ኃይለ ማርያም በየካቲት 2010 ዓ.ም. በፈቃዳቸው ሥልጣን ለመልቀቅ ሲጠይቁ በዘመናችን ያላየነውን ነገር አሳዩን፤ ሚናውን በሕይወት እያሉ ለሌላ ማስረከብ። በታሪክ የራሳቸው ድምፅ ሆኖ የሚቀረው ይህ መልቀቂያቸው ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ተፎካካሪ ፓርቲዎቻችንም ቢሆኑ ከዚህ አይሻሉም። መሥራቹ ሊቀ መንበር እስኪያረጅ ይቀመጣል፤ «ከእርሱ በኋላ ማን ደፍሮ?» ይባላል፤ ሲለቅም ፓርቲው ለሁለት ይሰነጠቃል። በማኅበሩም፣ በዕድሩም፣ በዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍልም ያው ነው። ተጠባባቂ የሚያሠለጥን አለቃ ማግኘት ብርቅ ነው፤ ተጠባባቂ ማለት በእኛ ዘንድ ወንበር የሚመኝ ጠላት ማለት ነውና። የዋሸራው መምህር ግን ወንበሩን የሚዘረጋው ተተኪ ሊያወጣ ነው። ተማሪ አውጥቶ ያላስመረቀ መምህር ምንም ያህል ቢራቀቅ ሐረጉ እርሱ ላይ ይቆማል።

ገጹ ባዶ ሲሆን

ባለፈው ሰሞን ወደ እነዚያ መምህሬ ስልክ ደወልሁ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ክበቡን ለሌላ መምህር ያስረከቡት ደብተሩን ጨምረው ነበር፤ ያም በየዓመቱ እየጻፈበት ቀጥሎ ነበር። «ደብተሩስ ጋሼ፣ አለ ወይ?» አልኋቸው። «እኔ ዘንድ መልሶ አምጥቶታል፤ ሳጥን ውስጥ ነው ልጄ» አሉኝ። ለምን እንደ መለሰላቸው ስጠይቅ ዝም ካሉ በኋላ «የሚጻፍ ስም የለማ» አሉ። የመጨረሻው ስም ያለበት ገጽ የ2015 ዓ.ም. ነው።

ለምን እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ተቀጣጠለ። በነሐሴ ወር ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ከሃያ በላይ ሰዎች መሞታቸው በወቅቱ ተዘግቧል። ከዚያ ወዲህ በክልሉ በሺህ የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ሚሊዮኖች ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ውጭ ሲውሉ አየን። በከተሞቹ የተከፈተው በገጠሩ ይዘጋል፤ ዛሬ የተከፈተው ነገ መንገድ ሲዘጋ ይዘጋል። በዚያ ዓመት ሰባተኛ ክፍል የነበረው የማንኩሳ ልጅ አሁን ጢም አብቅሏል። ጉዱ ካሳን የሚጫወትበት ዕድሜ በላዩ ላይ እያለፈ ነው። አኩፋዳውን አንግቶ መምህር ፍለጋ ከደብር ደብር ይዞር የነበረው የቆሎ ተማሪም መንገዱ ያስፈራዋል።

ስለ ጦርነቱ ስንነጋገር የሞተውን እንቆጥራለን፤ መቁጠርም አለብን። የማይቆጠረው ግን ያልተተካው ነው። የሞተ መምህር ቦታ ሌላ መምህር ይመደብበት ይሆናል። በእነዚህ ዓመታት መሠልጠን የነበረበት ተጠባባቂ ግን ባለመሠልጠኑ ማንም አያለቅስለትም፤ አልነበረምና። ከሃያ ዓመት በኋላ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ስናገኘው ያን ጊዜ ምክንያቱን ከሌላ ቦታ እንፈልገዋለን። በጫካ ያለውም በቤተ መንግሥት ያለውም ወገን የሚያስበው የራሱን ሚና ስለ መያዝ ነው። ቴአትር ቤቱ ራሱ እየተቃጠለ ከሆነ ግን መሪ ተዋናይነቱ ምን ይረባል?

ታዲያ ምን እናድርግ?

ሦስት ነገር አቀርባለሁ፤ ሦስቱም የድሀ አቅም የሚችላቸው ናቸው።

አንደኛ፣ ብሔራዊ ቴአትርና ሀገር ፍቅር ቴአትር፣ ከዩኒቨርሲቲዎች የቴአትር ትምህርት ክፍሎች ጋር ሆነው፣ ያለፉት ቴአትሮች የተዋንያን መዝገብ ያዘጋጁ። አንደኛውን ብቻ ሳይሆን የተተኩትን ሁሉ፣ ለአንድ ቀን የገባውንም ጭምር። አረጋውያኑ በሕይወት እያሉ አንድ መቅረጫና አንድ ደብተር የያዘ ተማሪ ወደ ቤታቸው ይላክ።

ሁለተኛ፣ ሬዲዮ ጣቢያዎቻችን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንደገና ያስነብቡት። የወጋየሁ ትረካ እንዳለ ይኑር፤ በየዓመቱም ይደመጥ። አጠገቡ ግን ሌላ ድምፅ ይቁም። ምናልባት ሴት ታንብበው፤ ሰብለ ወንጌልን በሴት ጉሮሮ፣ ፊታውራሪ መሸሻንም በሴት ንቀት እንስማቸው። ምናልባት የዳሞት ሰው ያንብበው፤ የማንኩሳን አማርኛ ከማንኩሳ አፍ እንስማው። አንዳንዱ ይወድቃል። አንዱ ደግሞ እኛ ከወጋየሁ ያልሰማነውን ያሰማናል። ወጋየሁ ራሱ ደፋር ባይሆን ኖሮ ያን የሚያህል መጽሐፍ ብቻውን ይዞ ማይክሮፎን ፊት ባልተቀመጠም ነበር። እርሱን ማክበር የሚገባን ድፍረቱን በመውረስ ይመስለኛል።

ሦስተኛ፣ ከሁሉ በፊት፣ የገጠሩ ትምህርት ቤት ይከፈት። የሚዋጉት ወገኖች በሌላው ሁሉ ባይስማሙ እንኳን መምህርና ተማሪ በሚሄዱበት መንገድ ላይ ይስማሙ። ይህንን ስል የዋህ ተብዬ እንደምታማ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ዛሬ የሚዋጉትን ነገ የሚተካቸው ያው ልጅ ነው፤ ፊደል ቆጥሮ ይተካቸው ወይስ ጠመንጃ ብቻ ቆጥሮ፣ የሚወስኑት እነርሱ ናቸው።

መምህሬን ስሰናበታቸው ደብተሩ ስንት ባዶ ሉክ እንደ ቀረው ጠይቄያቸው ነበር። ተነሥተው ሳጥኑን ሲከፍቱ ሰማሁ። «ዐሥራ አንድ» አሉኝ። ዐሥራ አንድ ጉዱ ካሳ ገና አለን ማለት ነው።

ቸር ይግጠመን።